ልሙጡና ኮከብ ያለበት ባንዲራ

በጥር ወር ጥምቀት፥ በየካቲትም የዓድዋ ድል በዓል ሲቃረብ፥ በመርካቶ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ አካባቢ አንሥቶ ጨርቅና ልብስ እስከሚሸጥባቸው ተራዎች ድረስ አረንጓዴው፥ ቢጫውና ቀዩ ኅብረ ቀለም በቀሚስ ጥለት፥ በሻርፕ፥ በሪባንና በባንዲራ ተዘርግቶ ይታያል። ባንዲራ የሚፈልግ ገዢ ግን አስቀድሞ ልሙጡን ወይም ኮከብ ያለበትን መምረጥ አለበት፤ በምክር ቤትና በአደባባይ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረውም ጉዳይ በዚህ ምርጫ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

የዘውዱ መንግሥት ሞዐ አንበሳን፥ ደርግ ያቋቋመው ሪፐብሊክ የራሱን ዓርማ፥ ኢሕአዴግም በ1988 ዓ.ም. በሰማያዊ ክብ ውስጥ ጮራ የሚፈነጥቀውን ኮከብ በቀለማቱ መካከል እንዳኖሩ አንባቢ ደጋግሞ ሰምቷል፤ ብዙዎችም የጠቡን ምክንያት ከዚሁ ከዓርማ መፈራረቅ ይስባሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዓርማ የለወጡ አገሮች ሁሉ በባንዲራቸው ስላልተጣሉ፥ በእኔ አስተያየት ሚዛን የሚደፋው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም በመንግሥት ሰንደቅና በሕዝብ ባንዲራ መካከል የነበረው ልዩነት በሕግ መፋቁ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘውድ የደፋው አንበሳ የመንግሥት ሥልጣን ምልክት ሆኖ ሳለ፥ ተራው ሰው ሦስቱን ቀለማት ያለ አንበሳ መስቀሉ በዘውዱ ላይ እንደ ማመፅ አይቈጠርበትም ነበር።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው በመካከሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው፥ ዓርማውም ብሔር ብሔረሰቦች፥ ሕዝቦችና የሃይማኖት ማኅበረሰቦች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንደሚያንጸባርቅ ተደንግጓል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመንግሥት ሰንደቅ ሥርዐት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 654 ግን ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ መጠቀምን በቅጣት ስለ ከለከለ፥ እስከዚያ ድረስ የልማድ የነበረው ልሙጥ ባንዲራ በአንድ ቀን የወንጀል ዕቃ ሆነ።

ሕግ አውጪው ያላስተዋለው፥ ወይም አስተውሎ የናቀው፥ እነዚህ ቀለማት ከቤተ መንግሥት ውጭ የራሳቸው ረጅም ሕይወት ያላቸው መሆኑን ነው። ምእመናን በቀስተ ደመናው እግዚአብሔር ለኖኅ የሰጠውን ኪዳን በእነርሱ ያስባሉ፤ ታቦት ሲወጣ መንገዱ በእነርሱ ያጌጣል፤ በ1949 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ጋናም፥ ከእርሷም በኋላ ብዙ የአፍሪካ አገሮች፥ ቀለማቱን ሲመርጡ ያሰቡት ለቅኝ ግዛት ያልተንበረከከችውን ኢትዮጵያ እንጂ በዙፋኗ ላይ የተቀመጠውን ሰው ብቻ አልነበረም። በመርካቶም ልብስ ሰፊው ከሦስት ጣቃ ጨርቅ እኩል እኩል ቀድዶ፥ አጋጥሞ ሲሰፋ ልሙጡ ባንዲራ ያለ ማንም ፈቃድ ከእጁ ይወጣል፤ ኮከቡ ግን መጠኑና ቀለሙ በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ ማተሚያ ይፈልጋል። እንዲህ በሕዝብ እጅ የሚሠራን ነገር በዐዋጅ ማጥፋት ከቶ የሚሳካ አይመስለኝም።

በሌላው ወገን ያለው ቅሬታም ሊደመጥ ይገባዋል። ቋንቋውና ባህሉ በአሮጌው ሥርዐት የተገፋበት ሰው በልሙጡ ባንዲራ ውስጥ የአባቱን ዋይታ ሲያይ፥ ኮከቡንም የእኩልነት ቃል ኪዳን አድርጎ ሲይዘው፥ ስሜቱን ድንቁርና ብሎ ማለፍ በደል ነው። ሆኖም ይህን ሰው ያስከበረው የሌላው መቀጣት ነው ብሎ ለመናገር የዓመታቱ ውጤት አይፈቅድም፤ ልሙጡ በተከለከለ መጠን የተቃውሞ ምልክት እየሆነ ሄደ፥ ቀድሞ ለጌጥ ይገዛው የነበረውም ሰው ለክርክር ይገዛው ጀመር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወጣቶች በአዲስ አበባ ጎዳናና አጥር ላይ በሚቀባ የባንዲራ ቀለም ተጋጩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ባንዲራና መዝሙር በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ሁከት አስነሣ። ነጋዴውም ቢሆን በበዓል ዋዜማ ያመጣው ዕቃ ሸቀጡ ይሁን ክሱ ሳይለይለት ይሰጋል።

ጀርመኖች ንስር ያለበትን ሰንደቅ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለይተው፥ ጥቁር፥ ቀይና ወርቃማውን ልሙጥ ለዜጎች ሁሉ ትተዋል፤ በዚያ ዜጋ የሚጠየቀው የመንግሥቱን ንስር ያለ ሥልጣን ቢሰቅል ነው። እኛም ተመሳሳይ ልማድ ነበረን። ኮከቡ በመንግሥት ቤቶች፥ በኤምባሲዎችና በጦር ሠራዊቱ ሰንደቅ ላይ ይቆይ፤ ዓርማን ከሰንደቁ ጨርሶ ማንሣት ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ስለሚጠይቅ ለሀገራዊ ምክክርና ለሰፊ ስምምነት ይተው። ቅጣቱ ግን የተጻፈው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሳይሆን በዐዋጁ ውስጥ ነውና፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በተራ የሕግ ማሻሻያ ሊያነሣው ይችላል፤ እንዲያነሣውም እንጠይቃለን።