በሌለበት ስለ ተፈረደበት ነጋዴ

ሰው ቃሉ ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚለው ሥርዐት በአገራችን ሕጉ በአንቀጽ ከመጻፉ አስቀድሞ በልማድ የጸና ነበር። በቀድሞው የዐደባባይ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ ሁለቱ በአንድ ጨርቅ ተያይዘው ሲቆሙ አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻውን የሚናገርበት ጊዜ እምብዛም አልነበረምና። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዳኞች በሚናገርበት በ43ኛው አንቀጹ ዳኛ ሁለቱን ባለጉዳዮች አስተካክሎ እንዲያይ ያዝዛል። ዛሬ ተከሳሹን ወደ ችሎት የሚስበው መጥሪያ የሚባለው ወረቀት ነው፤ ወረቀትም ይጠፋል፥ ለማይመለከተው ሰው ይሰጣል፥ በተዘጋ ሱቅ መዝጊያ ላይ ተለጥፎ ሌሊቱን ዝናብ ያወርደዋል። ሕጉ ይህን ስለሚያውቅ በሌለበት ለተፈረደበት ሰው የመመለሻ በር አኑሮለታል፤ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ይህ በር መኖሩን ሳያውቁ ጥሪታቸውን ሲያጡ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፥ ነገሩን በምችለው መጠን ዘርዝሬ ላስረዳ ወድጃለሁ።

ትልቅ ኩባንያ መጥሪያ የሚቀበል ጸሐፊና ቀጠሮ የሚመዘግብ የሕግ ክፍል አለው። ባለ አንድ ክፍል ማተሚያ ቤት ወይም ልብስ ስፌት ግን ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም ገበያ ወራጁም ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ፥ እርሱ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ በወረደበት ሰዓት መጥሪያው ቢመጣ፥ የሚቀበለው ሰሞኑን የተቀጠረ ልጅ ይሆናል፤ ልጁም የወረቀቱን ክብደት ስለማያውቅ ከደረሰኝ ጋር ደባልቆ በመሳቢያ ያኖረዋል። በንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው አድራሻ የተለቀቀ የኪራይ ቤት ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ብዙ ነው። በግል ስሙ ፈቃድ ያወጣ ነጋዴ ደግሞ የሱቁ ዕዳ የራሱ ዕዳ በመሆኑ፥ ፍርዱ ሲፈጸም ከሱቁ ዐልፎ በስሙ ወዳለው ሌላ ንብረት ሊደርስ ይችላል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ከሳሽ ቀርቦ ተከሳሽ በቀረ ጊዜ የሚደረገውን በቁጥር 70 ይወስናል፤ መጥሪያው በሚገባ መድረሱ የተረጋገጠ እንደሆነ ክሱ ተከሳሹ በሌለበት ይሰማል፥ አለመድረሱ የታወቀ እንደሆነ ግን ሌላ መጥሪያ ይወጣል፥ ደርሶም ለመዘጋጀት የማይበቃ አጭር ጊዜ ብቻ ተሰጥቶት እንደሆነ ቀጠሮው ይለወጣል። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት የደረሰ ተከሳሽ የቀረበትን ምክንያት አስረድቶ ወደ ክርክሩ ሊገባ ይችላል፤ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን መንገዱ ቁጥር 78 ነው። በዚህ ቁጥር መሠረት በሌለበት ወይም የመከላከያ መልስ ባለማቅረቡ የተፈረደበት ተከሳሽ፥ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ፥ ፍርዱ እንዲነሣለት ለዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ወሩ ተከሳሹ ካወቀበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር መደረጉ ታላቅ ርትዕ ነው፤ ስለዚህም የሰማበትን ቀን የሚያስረዳው ጽሑፍ፥ የባንክ ደብዳቤም ሆነ የአፈጻጸም መጥሪያ፥ እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ አለበት።

የማውቃት አንዲት ልብስ ሰፊ ለጨርቅ አቅራቢዋ ገንዘቡን ከፍላ ደረሰኙን በእጇ ይዛ ሳለች፥ እንደ ተፈረደባት የሰማችው ባንክ ቤት ሄዳ ሒሳብሽ ታግዷል ባሏት ጊዜ ነበር። ደንግጣ በመጀመሪያ ያደረገችው ወደ ከሳሹ ሽማግሌ መላክ ነበር፤ ከሳሹም እናስብበታለን እያለ ቀጠሮ ሲሰጥ ወሩ እየተገባደደ ሄደ፥ ማመልከቻዋም የገባው ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዕርቅ ክቡር ነገር ነው፥ እኔም አልቃወመውም፤ ነገር ግን የሽማግሌ ንግግር የሕጉን ወር አያስቆመውምና፥ ማመልከቻው ገብቶ ዕርቁ ጎን ለጎን ቢሄድ ማንም አይጎዳም።

ፍርዱ የሚነሣባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ መጥሪያው በሚገባ አለመድረሱ፥ ወይም ተከሳሹን በቂ ምክንያት ከችሎት የከለከለው መሆኑ። ስለ መጀመሪያው አጥብቄ የምናገረው አለኝ። በአሠራራችን መጥሪያውን ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት ተቀብሎ የሚያደርሰው ራሱ ከሳሹ ነው፤ እንግዲህ በተከሳሹ መቅረት የሚጠቀመው ሰው የጥሪው መልእክተኛ ሆኖ፥ አድርሻለሁ ብሎ ምሎ ሲመለስ፥ ያ መሐላ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል። ስለዚህ የተፈረደበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን አስወጥቶ ማየት አለበት፤ መጥሪያውን ማን ተቀበለ፥ ፊርማው የማን ነው፥ በየትኛው አድራሻ ደረሰ፥ በበር ላይ ተለጠፈ ከተባለ ያ በር የማን በር ነበር፥ በጋዜጣ ተጠራ ከተባለ አስቀድሞ በአካል ለማግኘት ምን ተደርጎ ነበር። በጋዜጣ መጥራት ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የሚሠራበት ነገር ነውና፥ ሱቁ በየቀኑ ተከፍቶ የሚውል ነጋዴ በአዲስ ዘመን ገጽ ላይ ተጠርቶ ቀረ ቢባል፥ ዳኛው ከሳሹን ስለ ምን ሱቁ ድረስ አልሄድህም ብሎ ሊጠይቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በቂ ምክንያት ምን እንደሆነ ሕጉ አልዘረዘረም፥ ለዳኛው ኅሊና ትቶታል። በሐኪም ማስረጃ የተረጋገጠ ደዌ፥ የቅርብ ቤተ ዘመድ ሞት፥ መታሰር፥ የመንገድ መዘጋት፥ እነዚህን የመሰሉት ሊታመኑ ይችላሉ፤ ቀኑን ረሳሁ ወይም ሥራ በዛብኝ ማለት ግን አይረዳም።

ማመልከቻው አጭርና እውነተኛ ሆኖ በቃለ መሐላ ይደገፍ፥ ማስረጃውም ይያያዝበት። ሕጉ በዚህ ደረጃ የሚጠይቀው ስለ መቅረቱ እንጂ ዕዳው ይኑር አይኑር ስላልሆነ፥ አመልካቹ አልተበደርሁም እያለ ገጽ ከሚሞላ ስለ መቅረቱ በሚገባ ቢያስረዳ ይሻለዋል፤ ደረሰኝ ያለው ሰው ግን መኖሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጠቅስ አይከፋም። ማመልከቻ መግባቱ ብቻ አፈጻጸሙን ስለማያቆመው፥ እግድ በተለይ መጠየቅ ያስፈልጋል። የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው በማለት ይህን ወር ማሳለፍም አደጋ አለው፤ የይግባኝ ዳኞች የሚያዩት በሥር የተጻፈውን መዝገብ ሲሆን፥ በዚያ መዝገብ ውስጥ የቀረው ሰው ቃል የለበትም።

ከሳሹም ሳይሰማ ፍርዱ አይነሣበትም፤ ማመልከቻው ደርሶት ይመልሳል፥ ይህም ትክክል ነው፤ እርሱም ደክሟል፥ ወጪ አውጥቷልና። ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሲያነሣ ተከሳሹ ኪሣራ እንዲከፍል ወይም ገንዘብ በፍርድ ቤት እንዲያስይዝ ሊያዝዝ የሚችለው ስለዚሁ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል። ፍርዱም በተነሣ ጊዜ አዲስ ቀን ይቆረጣል፥ የመከላከያ መልሱም ከነማስረጃው በተወሰነው ቀን መግባት አለበት። የታገደው ሒሳብ ግን በራሱ አይከፈትም፤ እግዱ መነሣቱን ችሎቱ ለባንኩ በደብዳቤ እንዲያስታውቅ በዚያው ቀን ማመልከት፥ ደብዳቤውንም ከመዝገብ ቤት ተከታትሎ እስከ ቅርንጫፉ ማድረስ የባለጉዳዩ ሥራ ነው።