መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ጥሩ ምግብ የት ይገኛል?

የልጆች ትምህርት ሊዘጋ ሲል በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዛው ይኸው ነው፤ «ኦርላንዶ ልንሄድ ነው፣ እዚያ ምን እንብላ?» ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ሄደው የተማረሩ ናቸው። ለአምስት ሰው ምሳ የከፈሉት ገንዘብ የሳምንት አስቤዛ ይሸፍን ነበር። የቀረበላቸው ግን የደረቀ ዳቦ፣ የቀዘቀዘ በርገርና የለሰለሰ ችፕስ ነው።

ምሬቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በአሜሪካም በአውሮፓም በመዝናኛ ፓርኮች ዙሪያ በጣም ጥሩ ምግብ ቤቶች አሉ። እኔ በትልልቅ ሆቴሎች የድግስ ኩሽና ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ አንድ ቦታ ገብቼ ከመቀመጤ በፊት ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በላተኛው ደስ ካላለው ወጥቶ ሌላ ቦታ መብላት ይችላል ወይ? ስንት ሰውስ በአንድ ሰዓት ይጎርፍበታል? የሁለቱን መልስ ካወቅሁ ሜኑውን ሳላይ እንኳ ምን ዓይነት ሳህን እንደሚመጣልኝ መገመት አያቅተኝም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከበሩ ልጀምር። ውድ ቲኬት ቆርጣችሁ ገብታችኋል፤ መኪናችሁ ሩቅ ነው፤ ልጆቹ ሁለት ሰዓት ተሰልፈው የጠበቁት መጫወቻ ገና ተራው አልደረሰም። ማን ነው አሁን ለምሳ ብሎ ወጥቶ የሚመለሰው? ምግብ ቤቱ ይህን ያውቃል። ደንበኛ ለመሳብ አልደከመም፤ ደንበኛው የመጣው ለሮለር ኮስተሩ ነው። ስለዚህ ምግቡ ቢጣፍጥም ባይጣፍጥም ወንበሩ ነገም ይሞላል። በሩ ክፍት በሆነበት ቦታ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

የኖትስ ቤሪ ፋርም ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። ዋልተር ኖት ካሊፎርኒያ ውስጥ ቡዌና ፓርክ በሚባል ቦታ ፍራፍሬ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ቦይዘንቤሪ የተባለውን ትልልቅ እንጆሪ መሰል ፍሬ ለገበያ ያበቁት እሳቸው ናቸው። የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወድቆ ሰው ሁሉ በተቸገረበት በ1934 ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮርዲሊያ የተጠበሰ ዶሮ እራት መሸጥ ጀመሩ። በመጀመሪያው ምሽት ስምንት ሰው አስተናገዱ፤ ያቀረቡትም በሠርጋቸው ሳህን ነበር። ዋጋው 65 ሳንቲም ነበር። ወሬው ተሰማ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ሰው ለአንድ ሳህን ዶሮ ለሰዓታት ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ዋልተር ኖት ለሚጠብቁት ሰዎች መዝናኛ ይሁን ብለው በ1940 የድሮ የምዕራብ አሜሪካ ከተማ የሚመስል መንደር መሥራት ጀመሩ። ዛሬ የምናውቀው ትልቅ ፓርክ ያደገው ከዚያ መንደር ነው። ዙሪያው ታጥሮ መግቢያ ማስከፈል የተጀመረው በ1968 ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ እዚህ ቦታ ፓርኩን የወለደው ምግብ ቤቱ ነው። የወይዘሮ ኖት የዶሮ ቤት ዛሬም ይሠራል፣ ያለውም ከአጥሩ ውጭ ነው። ዶሮውን ለመብላት የፓርክ ቲኬት አያስፈልግም። ስለዚህ መንገድ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ ጋር ይወዳደራል፤ ጥራቱን ቢያወርድ የአካባቢው ሰው በማግስቱ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ወገኖቼ ደግሞ በመኪና የሚደረስ ሌላ ምሳሌ አለ፤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለው ክኖብልስ። በ1926 የተከፈተ የቤተሰብ ፓርክ ነው። መግቢያው ነጻ፣ መኪና ማቆሚያው ነጻ ነው፤ የምትከፍሉት ለምትሳፈሩበት መጫወቻ ብቻ ነው። ይህ ማለት ሰው ለምግቡ ብቻ ብሎ መምጣት ይችላል፤ ይመጣልም። የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞች ወደዚያ የከሰል ማዕድን አገር ይዘውት የመጡት ፒሮጊ የሚባለው ድንች የተሞላ ሊጥ እዚያ ይሸጣል። በአሜሪካ የፓርኮች ሽልማት በምግብ ደጋግሞ ያሸነፈው ይኸው ፓርክ ነው። ኢንዲያና ያለው ሆሊዴይ ወርልድ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ለስላሳ መጠጥ በነጻ ይሰጣል። ባለቤቶቹ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሰው ሲጠማው ገንዘብ አንጠይቀውም ብለው የወሰኑት ውሳኔ ነው፤ እኔ በግሌ አከብራቸዋለሁ።

ትልልቆቹም ጋ ሕጉ ያው ነው። ጀርመን አገር ሩስት ከተማ ያለው ኦይሮፓ ፓርክ ሁለት የሚሽሊን ኮከብ (ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጥ ማዕረግ) ያለው አሞላይት የተባለ ምግብ ቤት አለው። የሚገኘው ግን ከአጥሩ ውጭ፣ በፓርኩ ሆቴል ውስጥ ነው። ፍሎሪዳ የሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ በ2024 የሚሽሊን ኮከብ ያገኘው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስም እንዲሁ ሆቴል ውስጥ ነው (ከ10 ዓመት በታች ልጅ አያስገቡም፤ ለቤተሰብ ጉዞ አይሆንም)። ለቤተሰብ የምመክረው እዚያው ዲዝኒ ወርልድ ያለውን አኒማል ኪንግደም ሎጅ የተባለ ሆቴል ነው። ቦማ የሚባለው ቡፌና ሳና የሚባለው ምግብ ቤት የአፍሪካን የምግብ አሠራር መሠረት ያደረጉ ናቸው፤ ሳና የሕንድን ቅመም ይጨምርበታል። የሳና ቂጣ ከልዩ ልዩ ማጥቀሻዎች ጋር ሲቀርብ፣ በእጅ እየቆረሱ እያጠቀሱ መብላት ለኛ ልጆች እንግዳ አይሆንባቸውም። በመስኮቱ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጡ ይታያሉ። የፓርክ ቲኬት አይጠየቅም፤ ቦታ ማስያዝ ግን በጣም ይሻላል። ማስያዝ የሚጀመረው ከ60 ቀን በፊት ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አትነሱ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህን ነው።

ፓርኩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይከፈታል። ሁሉም ሮጦ ይገባል፣ ሁሉም አብሮ ይደክማል፣ ሁሉም አብሮ ይርበዋል። ከ5፡30 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ኩሽና በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣበታል። እያንዳንዱን ሳህን በትእዛዝ መሥራት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ አስቀድሞ ሠርቶ ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድ ይላል። ደንቡ ከበሽታ ይጠብቃችኋል፤ ጣዕሙን ግን አይጠብቅላችሁም። ችፕስ ከዘይት ከወጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለሰልሳል። በርገር በማሞቂያ ውስጥ ጭማቂውን ይጨርሳል። ዳቦው በእንፋሎት ይረጥባል ወይም ይደርቃል።

የኛን ሠርግ አስታውሱ። ለአምስት መቶ ሰው የተሠራው ዶሮ ወጥ ከሌሊት ጀምሮ ተሠርቶ ቀትር ላይ ሲቀርብ ጣዕሙ አይጎድልም፤ እንዲያውም ቅመሙ ይዋሐዳል። ጥብሱ ግን ከእሳት ወርዶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ባለሙያዋ ጥብሱን መጨረሻ ላይ የምትጥደው። ፓርክ ውስጥም በዚሁ ዓይን ምረጡ። መረቅ ያለው፣ በቀስታ የበሰለ፣ ሩዝ ላይ የሚፈስ ምግብ በጥድፊያ ሰዓት ከማንኛውም ሳንድዊች ይሻላል። ዲዝኒ አኒማል ኪንግደም ውስጥ ሳቱሊ ካንቲን የተባለው ቤት ፈጣን ምግብ ሆኖ የተመሰገነው በዚህ ይመስለኛል፤ የሚያቀርበው እህልና አትክልት ላይ ሥጋ ወይም ቶፉ የተደረገበት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሌላው መንገድ ከምድጃ እየወጣ ወዲያው የሚያልቅ ነገር ነው። ቴኔሲ ውስጥ በዶሊውድ ፓርክ ከወፍጮ ቤቱ የሚሸጠው የቀረፋ ዳቦ ቀኑን ሙሉ ይጋገራል፣ ሽታው ሰውን ከሩቅ ይጠራል፣ ተከማችቶ የሚቆይበት ጊዜ የለውም።

ሰዓቱን አለማወቅ ትልልቆቹንም ጎድቷል። ፓሪስ አጠገብ ያለው ዲዝኒላንድ በ1992 ሲከፈት፣ አውሮፓውያን ቁጭ ብለው ቁርስ አይበሉም ተብሎ ምግብ ቤቶቹ አነስ ተደርገው ነበር። ሰዉ ግን ለቁርስ ጎረፈ። ለምሳም እንደ አሜሪካኖቹ እየተዘዋወረ መቆነጣጠር አልፈለገም፤ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሊበላ መጣና ሰልፉ ከልክ አለፈ። ፓርኩ ውስጥ ወይን አይሸጥም የሚለውንም ሕግ በዓመቱ አነሱት። እኛም በዚህ ከፈረንሳዮች እንጂ ከአሜሪካኖቹ አንመደብም፤ ምሳ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቁጭ ብሎ ነው። ታዲያ ቁጭ ብሎ መብላቱን አትተዉ፣ ሰዓቱን ብቻ ቀይሩት። 4፡30 ላይ ወይም ከ8፡30 በኋላ ብሉ። ያው ኩሽና፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ሜኑ የተለየ ሳህን ያወጣላችኋል፤ ሌላው ሰው ሲበላ እናንተ ደግሞ አጭሩን ሰልፍ ታገኛላችሁ።

ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ጥሩ የሚባል ቦታ አለ ወይ ካላችሁኝ፣ የዲዝኒ ወርልዱ ኤፕኮት ፓርክ አለ። በ1982 የተከፈተ ሲሆን ሐይቅ ዙሪያ ሜክሲኮን፣ ጃፓንን፣ ፈረንሳይንና ሞሮኮን ጨምሮ 11 አገሮች የየራሳቸው ሰፈር አላቸው። ጃፓኑ ካልጣማችሁ ፈረንሳዩ ጥቂት እርምጃ ነው። የዓመት መግቢያ ያላቸው የአካባቢው ነዋሪዎችም ለእራት ብቻ ይመጣሉ። አጥሩ ቢኖርም ውድድሩ አልጠፋም።

አሁን ደግሞ የኛ ጉዳይ፣ ጾም። አስተውላችሁ ከሆነ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ዕረፍቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ጾማችን ላይ ይወድቃሉ። የጸደይ ዕረፍት ሁዳዴ ላይ ነው። የታኅሣሡ ዕረፍት የነቢያት ጾም ላይ ነው። ነሐሴ ላይ እንሂድ ብትሉ ፍልሰታ አለ። ስለዚህ ብዙ እናቶች ቀኑን ሙሉ በችፕስና በውሃ ውለው ልጆቻቸውን ብቻ ያበላሉ፤ ይህ አስፈላጊ አይደለም። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የፍሎሪዳው ዲዝኒ ወርልድ ምግብ ቤቶች ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበትን ምግብ በሜኑው ላይ በአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ያሳያሉ። ቅጠሉን ፈልጉ። «ቬጂቴሪያን» የሚለው ቃል ግን ለጾም አይበቃም፤ አይብና ቅቤ ሊኖረው ይችላል። ዶል ዊፕ የሚባለው የአናናስ በረዶም ወተት የለበትም፤ ከአይስክሬም ጋር ካልተደባለቀ ለጾመኛ ይሆናል፣ በፍሎሪዳ ሙቀት ደግሞ ነፍስ ይመልሳል። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ሐላል ምግብን በተመለከተ ምግብ ቤቱን ከጉዞ በፊት በስልክ ጠይቁ፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ዲዝኒ ለራስ የሚበቃ ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል። ጠርሙስና አልኮል አይገባም፣ ማሞቅ የሚፈልግም አይሆንም። የሽሮ ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የበሶ ጭብጦ ለቀን የሚሆን ስንቅ ነው። የታሸገ ውሃም አትግዙ፤ ፈጣን ምግብ የሚሸጡት መስኮቶች በረዶ ያለበት ውሃ በብርጭቆ በነጻ ይሰጣሉ፣ ጠይቁ። አንዳንድ ሌሎች ፓርኮች የውጭ ምግብ ስለሚከለክሉ የምትሄዱበትን ሕግ አስቀድማችሁ እዩ።

በመጨረሻ ስለ መስተንግዶው። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ፊቱን ቢያጠቁር፣ ከጠዋት ጀምሮ በሙቀት ቆሞ ስንት መቶ ሰው እንዳስተናገደ አስቡለት። እነዚህ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሜኑውንም ዋጋውንም እነሱ አላወጡትም። በስልክ መተግበሪያ ማዘዝ ለሁለታችሁም ይጠቅማል፤ ሰልፉን ትዘላላችሁ፣ ምግቡም ቢያንስ በትእዛዛችሁ ሰዓት ይዘጋጃል። ጠረጴዛ ላይ በሚያስተናግዱ ቤቶች ቲፕ የአስተናጋጁ ዋና ገቢ ነው። ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ 18 በመቶ ሒሳቡ ላይ ይደመራል፤ እኛ ደግሞ አክስትና አያት ይዘን ነው የምንሄደው፣ ስለዚህ ደረሰኙን አንብባችሁ ክፈሉ።

ይሉኝታችንም እዚህ ላይ ይጎዳናል። ባለፈው ክረምት በአንድ ትልቅ ፓርክ ለእናቴ የመጣላት ሩዝ መሐሉ ቀዝቃዛ ነበር። «ተይው ልጄ፣ አታስቸግሪያቸው» አለችኝ። ሳህኑን ይዤ ተመለስኩና ቀዝቃዛ መሆኑን በጨዋነት ነገርኳቸው፤ ኃላፊዋ ይቅርታ ጠይቃ በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ አመጣችላት። ኩሽና ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ይነግራችኋል፦ ሳህኑ ካልተመለሰ ማሞቂያው መበላሸቱን የሚያውቅ የለም፤ ከእናንተ ኋላ የተሰለፈውም ቀዝቃዛ ሩዝ ይበላል። ስለዚህ ግማሹን ሳትጨርሱ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ፣ ወደ ወሰዳችሁበት መስኮት ተመለሱና ኃላፊውን ጠይቁ።