በጎዳና ላይ ለሽያጭ የሚቆም መኪና፦ መንገዱ የማን ነው? መኪናውስ?

የኋላ መስታወቱ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር የተለጠፈበት መኪና በመንገድ ዳር ቆሞ ማየት በአዲስ አበባም ሆነ በካርቱም እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገሩ ቀላል የግል ግብይት ቢመስልም ሁለት የሕግ ጥያቄዎችን ያስነሳል። አንደኛው የሕዝብ መንገድን ለንግድ ማሳያነት መጠቀም ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቆመው መኪና በእርግጥ የሻጩ ስለመሆኑ ማን ያረጋግጣል የሚል ነው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ፣ ሱዳን በጦርነት ውስጥ ባለችበት ጊዜ፣ ሁለተኛው ጥያቄ በምሥራቃዊ ሱዳን ከመጀመሪያው እጅግ ከብዷል።

ገዳሪፍ ለምን?

ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ ምርቷ የምትታወቅ የንግድ ከተማ ናት። ከፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል የሚመጣው አውራ ጎዳና በከተማዋ አልፎ ወደ ገላባት ይዘልቃል፤ ከገላባት ማዶ የኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ ትገኛለች። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያናውጥና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም የጀዚራ ግዛት ዋና ከተማ ዋድ መደኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመከላከያ ሠራዊቱ ቁጥጥር ሥር ወደቆየችው ገዳሪፍ ግዛት ተሰደዋል።

ቤቱን ጥሎ ለወጣ ቤተሰብ መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም። ባንክ ሲዘጋና ደመወዝ ሲቋረጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል የመጨረሻው ሀብት ነው። ስለዚህ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ገዢ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ነጋዴ አይደለም፤ ወንጀለኛም አይደለም።

ይሁንና በዚሁ ጦርነት በካርቱም ከመኖሪያ ቤቶች፣ ከጋራዦችና ከመኪና መሸጫዎች እጅግ ብዙ ተሽከርካሪዎች ተዘርፈዋል። ባለቤቶች የመኪናቸውን ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች እያሰራጩ ሲያፈላልጉ ቆይተዋል። የተዘረፈው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ተለውጦ ከተዘረፈበት ርቆ ይሸጣል።

ችግሩ ከጦርነቱም ይቀድማል። በ2011 እአአ የሊቢያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ቀረጥ ያልተከፈለባቸውና ያልተመዘገቡ መኪኖች በዳርፉር በኩል ወደ ሱዳን ይጎርፉ ነበር። ሕዝቡ እነዚህን መኪኖች «ቦኮ ሐራም» ብሎ ይጠራቸዋል። መንግሥት በነሐሴ 2009 ዓ.ም በዳርፉርና በኮርዶፋን የጦር መሣሪያ የማስፈታት ዘመቻ ሲጀምር ያልተመዘገቡ ተሽከርካሪዎችንም ዒላማው አድርጎ ነበር።

ከተሞች ለምን ይከለክላሉ?

በመንገድ ላይ የሚደረግን የመኪና ሽያጭ የሚቆጣጠሩ ሕጎች በልዩ ልዩ አገሮች አሉ፤ ምክንያቶቻቸውም ተቀራራቢ ናቸው። ለሽያጭ የቆመ መኪና ለነዋሪና ለደንበኛ የታሰበውን ቦታ ለቀናት ይይዛል። መኪናውን ለማየት የሚቆሙ ሰዎች የትራፊክ ፍሰቱን ያውካሉ። ኪራይና ግብር ከፍሎ በሱቁ የሚሸጠው ነጋዴም መንገዱን በነፃ ከሚጠቀመው ጋር መወዳደር ይቸግረዋል። ከሁሉም በላይ ቋሚ አድራሻ የሌለው ሻጭ ገንዘቡን ተቀብሎ ቢሰወር ገዢው የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

የእንግሊዝና ዌልስ ሕግ ነጋዴውንና ግለሰቡን ለይቶ ያያል። በ2005 እአአ የወጣው የአካባቢ ንጽሕና ሕግ፣ አንድ ሰው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መኪኖችን በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ በመንገድ ላይ ለሽያጭ ማቆሙን ጥፋት ያደርገዋል። ሰውየው የመኪና ንግድ እንደማያካሂድ ካስረዳ ግን አይቀጣም። ስለዚህ አንዲት መኪናውን በደጁ አቁሞ የሚሸጥ ነዋሪ በዚህ ድንጋጌ አይነካም።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ግሌንዴል የተባለች ትንሽ ከተማ ከዚህ የጠበቀ ክልከላ ነበራት። አንድ ነዋሪ በ1970 እአአ የተሠራች መኪናውን «ለሽያጭ» የሚል ምልክት ለጥፎ በቤቱ ፊት ለፊት በማቆሙ ፖሊስ ምልክቱን እንዲያነሳ አዘዘው። ሰውየው ከተማዋን ከሰሰ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በሰኔ 1999 ዓ.ም ከተማዋ ምልክቱ አደጋ እንደሚያስከትል ማስረጃ ስላላቀረበች ክልከላው የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ሲል ወሰነ።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት፣ ደንቡ ሊከላከለው የፈለገውን ጉዳት ለይቶ ማወቅ እንዳለበት ነው። በጅምላ የሚከለክል ደንብ ነጋዴውን ወደ ስውር ቦታ ይገፋል፤ የቸገረውን ባለ አንድ መኪና ቤተሰብ ግን ይቀጣል።

ድንበር ማዶ ያለው ፈተና

በኢትዮጵያ የመኪና ዋጋ መናር ገዢዎች ርካሽ አማራጭ እንዲፈልጉ ገፋፍቷል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ።

በዚህ ላይ ድንበር አካባቢ ያለ ሰው «ርካሽ መኪና» ሲባል ቢጓጓ አያስገርምም። ነገር ግን ቀረጥ ያልተከፈለበት የውጭ አገር ተሽከርካሪ በኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ ሊመዘገብ አይችልም፤ በጉምሩክ ሕግ መሠረትም ሊወረስ ይችላል። መኪናው የተዘረፈ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ገዢው ገንዘቡን ከማጣት አልፎ ለምርመራ ሊጋለጥ ይችላል።

ገዢ ምን ማድረግ ይችላል?

«ደላላ» የሚለው ቃላችን ምንጩ ዓረብኛ ነው፤ ሱዳናውያንም መኪና የሚሸጥበትን የጨረታ ገበያ «ደላላ» ይሉታል። ደላላው ሻጭና ገዢን ያገናኛል እንጂ ለመኪናው ባለቤትነት ዋስ አይሆንም።

ስለዚህ ከክፍያ በፊት በሞተሩና በአካሉ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚጨምርና ያልተሻረ መሆኑን ሰነዱን ካረጋገጠው ቢሮ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ መኪናው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማጣራት፣ ውሉንም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈራረም ይጠይቃል።

ለከተማ አስተዳደሮችም ከቅጣት የተሻለ መንገድ አለ። ቦታ የተከለለለት፣ የትራፊክ ፖሊስ ቁጥሮችን የሚመረምርበትና ውል የሚመዘገብበት ገበያ መንገዱን ነፃ ያደርጋል። ጭንቅ ላይ ያለው ሻጭ ተመጣጣኝ ዋጋ ያገኝበታል፤ መኪናውን የተዘረፈው ሰውም ንብረቱን የሚያገኝበት ዕድል ይጨምራል።