የሳንባ ሐኪም ሥራው ምንድን ነው?



እዚህ ካኩማ ካምፕ ውስጥ አንድ ሰው «ወደ ሳንባ ሐኪም ሪፈር ተብለሃል» ሲባል ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። የአንድ ተማሪያችን አባት የሪፈር ወረቀቱን ሦስት ሳምንት በኪሳቸው ደብቀው ቆይተዋል። ስለዚህ እኛ መምህራን ጉዳዩን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

የሳንባ ሐኪም ማለት ጠቅላላ ሕክምና ከተማረ በኋላ የውስጥ ደዌን፣ ቀጥሎም የሳንባና የመተንፈሻ አካላትን በሽታ ለይቶ ያጠና ሐኪም ነው። በአገራችን እንዲህ ያሉ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህ ሥልጠና የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ሐኪም አስምን፣ የቆየ ብሮንካይትን፣ አስቸጋሪ የሳንባ ምችንና የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን)፣ እንዲሁም በሳንባ ዙሪያ የሚቋጥር ውሃን ያክማል። የካኩማ አቧራ አስምን ይቀሰቅሳል። በጠባብ ማድቤት የሚታፈን የማገዶና የከሰል ጭስም ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ እናቶችን ሳንባ ሳይቀር ይጎዳል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ይጠይቃል፣ በማዳመጫ ያዳምጣል፣ ራጅ ያነሳል። ስፓይሮሜትር በሚባል መሣሪያም በሽተኛው በኃይል እንዲተነፍስ አድርጎ የሚወጣውን አየር ይለካል። ካስፈለገ ብሮንኮስኮፕ የተባለ ቀጭን ቱቦ በአፍ ወይም በአፍንጫ አስገብቶ የአየር ቧንቧውን ይመለከታል።

ይሁን እንጂ የሚያስል ሁሉ ወደ እርሱ አይላክም። ቲቢ በክሊኒካችን በአክታ ምርመራ ሊታወቅ ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ቶሎ ይመርመር። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል፤ ለቤተሰቡም ለጎረቤቱም ይተርፋል።

«ሳሌ ከታወቀ የሪሴትልመንት ጉዳዬ ይበላሻል» የሚሉ ወገኖችም አሉ። የሚያስተላልፍ ቲቢ የተገኘበት ሰው በደንቡ መሠረት ታክሞ እስኪድን ጉዞው ይዘገያል። የሚታከም በሽታ ስለሆነም ሲድን ጉዳዩ ይቀጥላል። ደብቆ የቆየ ግን በጉዞ ምርመራ መገኘቱ አይቀርም፤ እስከዚያው ልጆቹን ያስይዛል።

የተማሪያችን አባት በመጨረሻ ሄደው ታዩ። የተገኘባቸው አስም ነበር። ዛሬ ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒታቸውን ይዘው ውሃ ሰልፍ ላይ እናገኛቸዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፣ የሪፈር ወረቀት በኪሱ ያለ ካለ ነገ ማለዳ ወደ ክሊኒኩ ይሂድ።