በአንድ ጣራ ሥር ማኅበርን ስለ ማቆም

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በተገለጸ ቁጥር፣ ከሐረርጌ ቆላ የተነሣው ወጣት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከጎጃም የወጣችው ልጅ ወደ ጅማ ወይም ወደ ዲላ፣ የወላይታው ልጅ ደግሞ ወደ ጅግጅጋ ጓዙን ጠቅልሎ ሲጓዝ፣ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሣቸው ልጃቸው የሚማረው የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ከማን ጋር እንደሚያድርና በታመመ ጊዜ ማን እንደሚያስታምመው ጭምር ነው። ተማሪ በመምህሩ ፊት የሚቀመጠው በቀን ጥቂት ሰዓት ሲሆን፣ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሳይመርጣቸው በአንድ ዶርም ከተመደቡለት ባልንጀሮቹ ጋር ነውና ጭንቀታቸው ከንቱ አይደለም።

ደቀ መዛሙርትን ከየአገሩ ሰብስቦ በአንድነት ማኖር ለአገራችን እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣው ቆሎ ተማሪ በአንድ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ቀልሶ፣ በአኩፋዳው የለመነውን ቁራሽ ተካፍሎ እየበላ ቅኔና ዜማ ሲማር፣ በወሎም እንደ ዳናና ጌታ ባሉት ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ በአካባቢው ሕዝብ ቸርነት እየተደገፈ ኪታቡን ይቀራ ነበር። ሆኖም እነዚህ ማኅበሮች እያንዳንዳቸው የሰበሰቡት የአንድ ሃይማኖት ልጆችን ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ፣ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ወዲህ ግን፣ ሃይማኖቱም ቋንቋውም የተለያየ ወጣት በአንድ ግቢ ይኖር ጀመር፤ በ1950ዎቹም ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ተጨመሩበት። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከአርባ በልጧል፤ እልፍ አእላፍ ወጣቶችም የመኝታውንና የምግቡን ዋጋ ከምረቃ በኋላ ሊከፍሉ በወጪ መጋራት ውል ፈርመው በእነዚህ ግቢዎች ይኖራሉ።

ነገር ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስለ ተከመረ ብቻ ግድግዳ እንደማይሆን፣ ወጣቶችም በአንድ ክፍል ስላደሩ ብቻ ማኅበር አይሆኑም። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ጭፍን ጥላቻ በሚናገር መጽሐፉ፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው መልካም ፍሬ እንዲያፈራ አራት ነገሮች እንደሚያሹ አስረድቷል፤ እነዚህም የሚገናኙት ሰዎች በእኩልነት መቆማቸው፣ የጋራ ዓላማ መያዛቸው፣ ለዚያም ዓላማ ተረዳድተው መሥራታቸው፣ ባለሥልጣኑና ሕጉም ግንኙነቱን መደገፋቸው ናቸው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ሉቺያ ኮርኖ፣ ኤሊያና ላ ፌራራና ጀስቲን በርንስ አጥንተው በ2022 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ምርምርም፣ ሳይመርጡ ከሌላ ዘር ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ከተመደቡት መካከል፣ ነጮቹ ተማሪዎች በጥቁሮች ላይ የነበራቸው ክፉ ግምት እንደ ቀነሰ፣ የጥቁሮቹም የትምህርት ውጤት እንደ ተሻሻለ አሳይቷል።

ወደ እኛ ግቢ ስንመለስ፣ የእኩልነቱ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ይፈተናል። በብዙ ቦታ ምደባው በትምህርት ክፍልና በስም ፊደል ተራ የሚፈጸም ቢሆንም፣ ተማሪዎች ጥቂት ቆይተው በመለዋወጥ ከአገራቸው ልጆች ጋር ስለሚሰባሰቡ፣ ሥርዓቱ የቀላቀለውን፣ ፍርሃት መልሶ ይለየዋል። ከስድስት የክፍል ጓደኞች አምስቱ አንዱ በማይሰማው ቋንቋ ሌሊቱን ሲጫወቱ፣ ያ አንዱ ክፉ ባይናገሩትም እንኳ ከማኅበሩ የተለየ መሆኑ ይሰማዋል። ማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ይተው ማለት ግን አይደለም፤ የሁሉም የሆነ ነገር ሲነሣ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ መነጋገር የፍቅረ ቢጽ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው ለማለት ነው። ዓይነ ስውሩ ወይም በክራንች የሚሄደው ተማሪም በምድር ቤት ክፍል ማግኘቱ መብቱ እንጂ ምጽዋት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢ ዓይናማ ተማሪዎች ለዓይነ ስውራን ባልንጀሮቻቸው መጻሕፍት የሚያነቡበት ልማድ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የተማሪዎች በጎ ፈቃድ ተቋሙን የብሬልና የድምፅ መጻሕፍትን ከማቅረብ ግዴታው ነፃ አያወጣውም።

የጋራ ሥራ ኃይል ደግሞ ውሃ በተቋረጠ ቀን ጎልቶ ይታያል። ውሃው በሌሊት ለአንድ ሰዓት ያህል ሲመጣ፣ የነቃው ሌሎቹን ይቀሰቅሳል፤ አንዱ በቧንቧው ዘንድ ወረፋ ይይዛል፤ ሁለቱ ቢጫውን ጀሪካን እየተቀባበሉ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣሉ፤ ፈተና ያለበትም ከተራው ይታለፍለታል። ከዕረፍት ሲመለሱም የባሌው ልጅ ጭኮውን፣ የሸዋው በሶውን፣ ሌላው ዳቦ ቆሎውን በአንድ አልጋ ላይ ዘርግተው ሲመገቡ፣ ጭኮው ቅቤ አለበትና የጿሚው ጓደኛቸው ድርሻ በሎከር ተቆልፎ ለፋሲካ ይቀመጥለታል፤ እርሱም ሙስሊም ጓደኞቹን በረመዳን ሰሑር እንዳያልፋቸው የእጅ ስልኩን ደወል ሞልቶ ይቀሰቅሳቸዋል። እንዲህ ያለው ክፍል ሃይማኖቱን የካደ አንድ ሰው ሳይኖርበት፣ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ሕገ ጾም እንደ ራሱ የሚጠብቅበት ቤት ይሆናል።

አራተኛው፣ የባለሥልጣኑ ድጋፍ፣ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ በጥቅምት ወር መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በመሪር ኀዘን አይተናል። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገድለው፣ ሁከቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ፣ ብዙ ሺሕ ወጣቶች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ወላጆቻቸው ተመለሱ። በዚያው ዘመን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከሌላ አገር የመጣውን ተማሪ ለከተማው ነዋሪ ቤተሰብ እንደ ልጅ የሚያስረክብ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የተባለ ሥርዓት ጀመረ፤ በዚህም ተማሪው በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት፣ በታመመ ጊዜ የሚጠይቁት እናትና አባት አገኘ። የዚህ ሥርዓት ጥበብ ማደሪያው ከአጥሩ ውጭ ካለው ሕዝብ ጋር እንዲተሳሰር ማድረጉ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ባዕድ የሆነ ተማሪ ከአጥሩ ውስጥም ተረጋግቶ አይኖርምና።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማደሪያን አልጋና ፍራሽ የሚታደልበት መጋዘን አድርገው ከማየት ወጥተው፣ እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ሊያስቡለት ይገባል። የማደሪያው ተቆጣጣሪ ፕሮክተር ቁልፍ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ጠብን ከመነሻው የሚያበርድ፣ አቤቱታን ሳያዳላ የሚሰማ ሰው እንዲሆን መሠልጠን አለበት፤ አዲስ ተማሪዎችም በገቡበት ሳምንት ስለ ጽዳት፣ ስለ ጸሎትና ሶላት ጊዜ፣ ስለ ጥናት ጸጥታና ስለ መብራት ማጥፊያ ሰዓት የክፍላቸውን ሕግ ራሳቸው መክረው ሊጽፉ፣ ያለ በቂ ምክንያትም ክፍል መለዋወጥ ሊቀር፣ ዘለፋና ዛቻ የደረሰበት ግን ሳይዘገይ ፍትሕ ሊያገኝ ይገባል። ነገ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታልና በምክር ቤት ተቀምጠው ለማያውቁት ሕዝብ የሚወስኑት እነዚሁ ወጣቶች ናቸው፤ አራት ወይም አምስት ዓመት በአንድ ክፍል ከሌላ ወገን ልጅ ጋር በመተማመን የኖረ ሰው፣ ስለዚያ ወገን ወሬ ሲነገረው ከማመኑ በፊት ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ወዳጅ ይኖረዋልና፣ ለዶርም ሥርዓት የሚወጣው ገንዘብና ድካም ለአገር ሰላም ከሚከፈለው ሁሉ የረከሰው ነው።