ስልክ ወይስ ካሜራ? የልጆቻችንን በዓል ማን ያንሳው?



የዓመቱ መዝጊያ በዓላችን እየቀረበ ስለሆነ፣ ሰሞኑን ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ በር ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ፦ «ዘንድሮ ፎቶ አንሺ እንቅጠር ወይስ ስልካችን ይበቃል?» አንዳንዶቻችሁ «የዛሬ ስልክ እኮ ከካሜራ አያንስም፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «አዳራሽ ውስጥ በስልክ ያነሳሁት ሁሉ ጨለማ ነው፤ የልጄ ፊት አይታይም» ትላላችሁ። የሚገርመው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እንዴት እንደሆነ ተነጋግረን ያገኘነውን እነሆ ጽፈንላችኋል። መጨረሻ ላይ የራሳችንንም ሐሳብ አቅርበናል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተወያዩበት።

ስልኩ የት ደርሷል?

ስልክን መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ፣ ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ ያወጣው ፎቶ በአይፎን የተነሳ ነበር። በ2017 ያው መጽሔት በየሙያቸው ቀዳሚ የሆኑ 46 ሴቶችን ሲያቀርብ፣ ብራዚላዊቷ ሉዊዛ ዶር ሁሉንም ያነሳቻቸው በአይፎን ነው። በ2015 ደግሞ «ታንጀሪን» የተባለው ፊልም በአይፎን 5ኤስ ተቀርጾ ሲኒማ ቤት ገባ። እነዚያ ስልኮች ዛሬ ብዙዎቻችሁ ከያዛችሁት ያነሱ ናቸው።

ነገሩ ግን ሌላም ወገን አለው። በ2013 ቺካጎ ሰን ታይምስ የተባለው ጋዜጣ 28 ፎቶ አንሺዎቹን በአንድ ቀን አሰናበተና ጸሐፊዎቹ በስልካቸው ፎቶ እንዲያነሱ ማሠልጠን ጀመረ። ከወራት በኋላ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተደራድሮ አራቱን መልሶ ለመቅጠር ተስማማ። ስልክ አልጠፋም እኮ! ግን የሚጽፍ፣ የሚጠይቅ፣ የሚሮጥ ሰው በዚያው ሰዓት ቦታ መርጦ፣ ጊዜ ጠብቆ ፎቶ ማንሳት ይከብደዋል። ይህን ነገር ያዙት፤ ኋላ ወደ እኛ በዓል ስንመጣ ያስፈልገናል።

የሲኒና የሳፋ ነገር

ፎቶ ማለት የተጠራቀመ ብርሃን ነው። ብርሃንን እንደ ዝናብ አስቡት። ደጅ ላይ አንድ ሲኒና አንድ ሳፋ ብታስቀምጡ፣ ዝናቡ አንድ ቢሆንም ሳፋው የበለጠ ውሃ ይይዛል። ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ሴንሰር ይባላል። ባለሙያዎች በብዛት የሚይዙት ካሜራ ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ውድ የሚባለው ስልክ ዋና ሴንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 በ7.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብታባዙት የካሜራው ስፋት የስልኩን ከ11 እጥፍ በላይ ይሆናል። ርካሽ ስልክ ላይ ልዩነቱ ይብሳል።

ሱቅ ውስጥ «ይሄኛው 50 ሜጋፒክስል ነው፣ ያኛው 200 ነው» ሲሏችሁ አትደናገጡ። አንዱን ሲኒ በውስጡ ወደ ብዙ ትንንሽ ክፍል ብትከፋፍሉት ሲኒው አይሰፋም።

ታዲያ ስልኩ እንዴት ይህን ያህል ጎበዝ ሆነ? በብልሃት ነው። አንዴ ስትነኩት አንድ ፎቶ ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ በቅጽበት ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ ከአንዱ ብርሃኑን ከሌላው ጥላውን ወስዶ አንድ አድርጎ ይሰጣችኋል። ሲኒውን ደጋግሞ እየሞላ ሳፋ ውስጥ እንደ መገልበጥ ነው። ስለዚህ በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ፣ ቆሞ ለሚነሳ ልጅ፣ የስልኩንና የካሜራውን ፎቶ በኤ4 ወረቀት አሳትመን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ብዙዎቻችን አንለይም። «አይተናነስም» ያላችሁት እዚህ ላይ እውነታችሁን ነው።

ብልሃቱ የሚሰናከለው ልጁ ሲንቀሳቀስ ነው። ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲያጨበጭቡ፣ ወንዶቹ ሲዘሉ፣ የሚደራረቡት ፎቶዎች አይገጥሙም። የሚዘል ልጅ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ካሜራው በሰከንድ 250ኛ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ መክፈትና መዝጋት አለበት። ስልኩ ግን ደብዘዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ ብርሃን ስለሚያንሰው በሰከንድ 30ኛ አካባቢ ይከፍታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ እጅ ብዙ ይሄዳል፤ ፎቶው ላይ ጣቶቹ ጭስ መስለው ይወጣሉ። ከኋላ ወንበር ሆናችሁ በጣታችሁ ዙም ስታደርጉ ደግሞ፣ ስልኩ ወይ ያንኑ ፎቶ ቆርጦ ያሰፋዋል ወይም ወደ ሌላኛው፣ ወደ ባሰ ትንሽ ሴንሰር ይሄዳል። ባለሙያው ትልቅ ሌንስ ይዞ የሚመጣው ለዚህ እንጂ ለታይታ አይደለም።

ነጠላው ነጭ፣ ፊቱ ጨለማ

ይሄኛው የእኛው ጉዳይ ነውና ልብ በሉት። ማንኛውም ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ሃያ ልጅ ነጠላ ለብሶ ከፊቱ ሲቆም «ውይ፣ ብርሃኑ በዛ» ይልና ያጨልመዋል። ነጠላው ያምራል፤ የልጆቹ ፊት ግን ጥላ ይሆናል። ከኋላቸው መስኮት ካለ ደግሞ ይብሳል። አዳዲሶቹ ስልኮች ፊት ለይተው ስለሚያውቁ ተሻሽለዋል፤ ያም ሆኖ ሁልጊዜ አይሳካላቸውም።

ችግሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚሆን የነጭ ሴት ፎቶ ይልክ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። ማሽኑ በእሷ ቆዳ ስለሚስተካከል ጠቆር ያለ ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ኮዳክ ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩበት ይነገራል፤ ቡናማ ዕቃቸው ፎቶ ላይ አልለይ ስላላቸው። በስልክ በኩል ጉግል «ሪል ቶን» ያለውንና ለጠቆረ ቆዳ የተስተካከለውን አሠራር በፒክስል 6 ያወጣው በ2021 ነው።

ይህን የምንነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ልጃችሁ የጣልያን ትምህርት ቤቱን የክፍል ፎቶ ይዞ መጥቶ «እኔ ብቻ ለምን አልታይም?» ሊላችሁ ይችላል። መልሱን ይወቀው። ጥፋቱ የመሣሪያው ልክና የአንሺው ነው፤ የፊቱ ቀለም አይደለም። የኛን ፊት ማንሳት የሚያውቅ ሰው ብርሃኑን ከፊት አምጥቶ፣ ልኩን በፊት ላይ ወስዶ፣ ነጠላውም ፊቱም እንዲታይ ያደርጋል።

በስልክ የምታነሱ እንዲህ አድርጉ

• መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ኪስና ቦርሳ ውስጥ የዋለ ሌንስ ቅባት ይይዛል፤ የሻማ ብርሃን ሁሉ ጭጋግ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።
• ልጁን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሩት። መስኮቱ ከእናንተ ጀርባ ይሁን።
• ስክሪኑ ላይ የልጁን ፊት በጣታችሁ ንኩት። የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየጎተታችሁ ፊቱ እስኪታይ አስተካክሉ።
• ዙም ከማድረግ በእግራችሁ ቀረብ በሉ።
• አዳራሽ ውስጥ የስልኩን ፍላሽ አጥፉት። ከጥቂት ሜትር በላይ አይደርስም፤ የፊተኛውን ልጅ ያነጣና የኋላውን ይተወዋል።
• ጀርባውን የሚያደበዝዘውን «ፖርትሬት» አትመኑት። በሹሩባና በነጠላ ጥለት ጠርዝ ላይ ይሳሳታል፤ ፀጉር ቆርጦ የሚጥልበት ጊዜ አለ።

አያት ጋ የሚደርሰው የትኛው ነው?

ጥሩ ፎቶ አንስታችሁ መንገድ ላይ ልታበላሹት ትችላላችሁ። 12 ሜጋፒክስል ፎቶ 4000 በ3000 ነጥብ አለው። በዋትሳፕ እንዲሁ ስትልኩት ብዙውን ጊዜ ወደ 1600 በ1200 ገደማ ይወርዳል፤ ከስድስት አንድ እጁ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስልክ ላይ ለማየትና ለትንሽ ፎቶ ይበቃል። አያት ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብለው ትልቅ አድርገው ሲያሳጥቡት ግን ይደበዝዛል። ከ2023 ጀምሮ ዋትሳፕ «ኤችዲ» የሚል ምርጫ አለው፤ እሱን ንኩ። ለማሳተም የምትፈልጉትን ደግሞ በዋትሳፕም ሆነ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ ያኔ ሳይነካ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ላሉት ፋይሉ ኢንተርኔት ይበላባቸዋልና ሃምሳውን ሳይሆን የተመረጠውን ሁለት ሦስቱን ብቻ ላኩ።

አገር ቤት የነበረውን ልማድ አስታውሱ። በቤተ መንግሥት በኩል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው፣ ኋላም ሺመልስ ደስታ የነገሥታቱን ፎቶ አንስተዋል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም ሙያው ዛሬም እንደሚከበር ያሳያል። ተራው ቤተሰብ ደግሞ የክት ልብሱን ለብሶ ፎቶ ቤት ይሄዳል፣ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ ያሳጥባል፣ ከጀርባው «ለማስታወሻ ያህል» ብሎ ጽፎ ለዘመድ ይልካል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ እንዲህ ያሉትን ፎቶዎች ከየቤቱ አልበም ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟቸዋል። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬ የተገኙት በወረቀት ስለነበሩ ነው። የእኛ ሦስት ሺህ ፎቶ ያለው ግን የተሰነጠቀ ስልክ ውስጥ ነው።

የማን ልጅ ተነሳ?

እስካሁን ስለ ጥራት አወራን። አሁን ዋናውን እንንገራችሁ። እያንዳንዱ ወላጅ በስልኩ የሚያነሳው የራሱን ልጅ ነው፤ ይህም ተፈጥሮ ነው፣ ማንንም አንወቅስም። ግን ከመካከላችን ቅዳሜና እሁድ ሰው ቤት አዛውንት የሚጠብቁ፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ ፈረቃ የሚገቡ እናቶችና አባቶች አሉ። በበዓሉ ቀን ፈቃድ ካላገኙ አይመጡም። የእነሱ ልጅ ግጥሙን አንብቦ፣ ተጨብጭቦለት፣ አንድም ፎቶ ሳይኖረው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወይም የሌላ ልጅ ፎቶ ጥግ ላይ ግማሽ ፊቱ ይታያል። ማታ ከሥራ የምትመለሰው እናት ያመለጣትን የምታይበት ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ባለሙያ የምንፈልገው የሳፋው ሴንሰር ስላለው ብቻ አይደለም። ሥራው ሁሉንም ልጅ ማንሳት የሆነ አንድ ሰው ስለሚያስፈልገን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ባለሙያ ቀኑን ሙሉ አንቅጠር፤ ወጪው ይከብዳል፤ የሁሉም ኪስ እኩል አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ለሚሆነው፣ ማለትም ለመዝሙሩ፣ ለግጥሙና ለምስክር ወረቀቱ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እንቅጠር። የስም ዝርዝሩን እኛ እንሰጠዋለን፤ እያንዳንዱ ልጅ ሲነሳ ምልክት ይደረጋል። መዋጮው እንደ አቅም ይሁን፤ ያልከፈለ ቤተሰብ ልጅም ፎቶው ይደርሰዋል። ደጅ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ምሳውን፣ ጨዋታውን፣ የቡድን ፎቶውን፣ በስልካችሁ አንሱ፤ እዚያ ስልኩ ማንንም አያሳፍርም። ደግሞ እያንዳንዳችሁ ወላጆቹ ያልመጡለትን አንድ ልጅ ጨምራችሁ አንሱና ለእኛ ላኩልን። የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ፎቶ ግን ወላጁን ሳትጠይቁ ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ፤ አደራ።

ይህን ስናስብ በዚሁ በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ትዝ አሉን። እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 የግእዙን አዲስ ኪዳን እዚሁ ሮማ ሲያሳትሙ፣ ማተሚያው የሮማ ነበር፣ አታሚዎቹም ግእዝ አያነቡም ነበር። ፊደሉን የሚያውቁት የእኛ መነኮሳት ነበሩ። ሁለቱ ተረዳዱና መጽሐፉ ወጣ። መሣሪያና ዕውቀት አንድ ሰው ጋ ካልተገኙ መተጋገዝ ነው።

በመጨረሻ የቤት ሥራ አለ፤ ለልጆቹም ለእናንተም። ከበዓሉ በኋላ ከፎቶዎቹ አንዱን መርጣችሁ አሳጥቡ። ልጁ ከጀርባው በራሱ እጅ፣ በአማርኛ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ አብረውት የተነሱትን ልጆች ስም፣ ለአያቱ ወይም ለዘመዱ አንድ ዓረፍተ ነገር። ፊደሉ ቢጣመም አታርሙለት፤ እኛ ክፍል ውስጥ እናርመዋለን። ከዚያ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላኩት።

በበዓሉ ቀን በሰላም ያገናኘን።

በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎቻችሁ