ቅልጥሙን የመታው ብርድ አይደለም

ደሴ ላይ አንድ ታዳጊ ሯጭ ቅልጥሙን ሲያመው ምርመራው ሰፈር ውስጥ ያልቃል፦ «ብርድ ነው።» ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ፣ ማለዳ በጭጋግ የሚሮጥ ልጅን ብርድ ካልመታው ማንን ይመታል? መድኃኒቱም አብሮ ይታዘዛል፤ ቅባት፣ ትኩስ ጨርቅ፣ የወጌሻ እሽት፣ ካልሆነም ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀት ላይ መሮጥ። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ ሲያመው ደግሞ ጥፋተኛው ሙቀቱ ይሆናል። የአየሩ ጠባይ ስንቱን ይሸከም! የልጁን የወር ልምምድ የሚጠይቅ ግን የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ከረጅም ጉዞ በኋላ እግራቸው ያበጠና የሚያማቸው ወታደሮች ማየቱን ጻፈ። ምክንያቱን በዓይን ለማየት ራጅ እስኪፈለሰፍ መጠበቅ ነበረበት። ራጁ ሲመጣ የእንዲህ ያሉ ወታደሮች የእግር አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። አልወደቁም፣ አልተመቱም፤ የተራመዱት ብቻ በዛባቸው።

ልምምድ እንደሚያደክም፣ ዕረፍት እንደሚገነባ ሁሉም አሠልጣኝ ያውቃል፤ እሱን ልለፈው። የሚዘነጋው ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል እንደማይፈጥን ነው። የደም መጠን በቀናት ውስጥ ይጨምራል፤ ልብና ትንፋሽ በሳምንታት ይጠነክራሉ። አጥንት ግን የራሱ ቀጠሮ አለው።

ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ያህል ይረግጣል። በአንድ ሰዓት እያንዳንዱ እግር አምስት ሺህ ጊዜ ገደማ መሬት ይመታል ማለት ነው፤ በየርግጫውም ከሰውነቱ ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይመለስበታል። በዚህ ብዛት ቅልጥም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ይህ በሽታ አይደለም፤ አጥንት የሚታደሰው እንዲያውም በዚሁ ነው። መጀመሪያ ኦስቲኦክላስት የሚባሉ ህዋሶች መጥተው የተጎዳውን ክፍል እየበሉ ያነሳሉ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ከዚያ ኦስቲኦብላስት የሚባሉት አዲስ አጥንት እየሠሩ ይሞሉታል፤ ይህኛው ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። የተሞላውም ማዕድን ጠግቦ እስኪጠጥር ተጨማሪ ወራት ያልፋሉ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ መንገድ ላይ የተጎዳ አስፋልት ሲጠገን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መጀመሪያ ይቆፈራል፤ መንገዱ ከሁሉም ጊዜ የሚከፋው ያኔ፣ ጉድጓዱ አፉን በከፈተበት ሰሞን ነው። በዚያው ሳምንት የጂቡቲ ተሳቢዎች በእጥፍ ቢለቀቁበት የሚሆነውን መገመት አያቅትም። የልጁም ቅልጥም ልምምድ ከጨመረ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲህ ተቆፍሮ ይቆያል። ክፋቱ፣ ትንፋሹ የተከፈተለትና ሰዓቱ የተሻሻለለት በዚሁ ሰሞን መሆኑ ነው። አሠልጣኙ «አሁን ደረሰልኝ» ብሎ ይጨምርለታል።

በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አጥንቱ መጀመሪያ በቁመት ይመዘዛል፤ ማዕድኑ በብዛት የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ስምንት ወር ያህል ዘግይቶ ነው። ማዕድኑ በጣም ፈጥኖ በሚገባበት ወቅት ዙሪያ ባሉት ሁለት ዓመታት የአዋቂ ሰው አጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ ይገባል። ያ ጊዜ በአማካይ ለሴቶች 12 ተኩል፣ ለወንዶች 14 ዓመት ግድም ነው። አማካይ ነው እላለሁ፤ እኛ ዘንድ የልደት ወረቀትና እውነተኛ ዕድሜ ሁልጊዜ እንደማይተዋወቁ የአትሌቲክስ ሰው ሁሉ ያውቃልና። ስለዚህ ወረቀቱን ትቶ ግድግዳ ላይ በየሦስት ወሩ ቁመቱን ማስመር ይሻላል። መስመሩ ድንገት ከዘለለ ጭነት የሚጨመርበት ወቅት አይደለም።

የልጆችን ጭነት ለመገደብ አሜሪካኖች ቤዝቦል ለሚወረውሩት ቁጥር አውጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው መመሪያ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ወርዋሪ በቀን ከ95 ውርወራ አያልፍም፣ ቀጥሎም እንደወረወረው መጠን የግዴታ ዕረፍት አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት በዓመት ከ100 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወሩ ልጆች የከባድ ጉዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኝቷል። የእነሱ ትልቁ ራስ ምታት ልጁ ለሁለት ቡድን ሲወረውር ድምሩን የሚይዝ መጥፋቱ ነው። የእኛም ልጅ ለትምህርት ቤቱ ይሮጣል፣ ለከተማው ይሮጣል፣ ለዞኑ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የራሱን ብቻ ያያል።

ለሩጫስ ስንት ይበቃል? እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔም ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። «በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር» የሚለው ሕግ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ500 በሚበልጡ ጀማሪ ሯጮች ላይ ሲፈተን ጉዳትን አልቀነሰም። የዚህን ሳምንት ጭነት ለወሩ አማካይ የማካፈሉ ዘዴም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ በኋላ ስሌቱ ራሱ ክፉኛ ተተችቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ5,000 በላይ ሯጮችን የተከታተለ ጥናት ጣቱን የቀሰረው ወደ አንዲት ቀን ነው፦ ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ ርቀት ከ10 በመቶ በላይ የዘለለች አንዲት ሩጫ። አብዛኞቹ ግን አዋቂዎች ነበሩ፤ ለደሴ ታዳጊ እንዳለ ይገለበጥ አልልም። ደግሞም ኪሎ ሜትር መቁጠር ብቻውን ያሳስታል።

የሚያሳስተው ቁልቁለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ቁልቁል ሲወረድ ትንፋሽ አይጨንቅም፤ ስለዚህ ልምምዱ ቀላል ይመስላል። በዘጠኝ ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ግን የርግጫው ምት ከሜዳው በ54 በመቶ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ተለክቷል። አስፋልቱ ያን ያህል አይቆለቁልም፤ የአቋራጩ ኮረኮንች ግን ይቆለቁላል። ዳገቱን ሮጦ ቁልቁሉን በታክሲ መመለስ ስንፍና የሚመስለው ካለ ቅልጥሙን ይጠይቅ።

ወሎ ነውና ልጁ ወይ ረመዳን ይጾማል ወይ ሁዳዴ። ጹም ብሎ ማዘዝም አትጹም ማለትም የእኔ ሥራ አይደለም፤ ምግብ ሲቀንስ ጭነቱም ይቀንስ እንጂ። ጉልበት ያነሰው ሰውነት ከሚቆጥባቸው ነገሮች አንዱ የአጥንት ጥገና ነው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ «ሩጫ ያመጣው ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ሐኪም ይያት።

የሚያመው ልጅ ሲመጣ ቅልጥሙን ከውስጥ በኩል በአንድ ጣት እየተጫኑ መውረድ ነው። ሕመሙ አንድ መዳፍ ሙሉ ከተዘረጋ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል። አንዲት ጣት የምትሸፍናት ነጥብ ላይ ከጮኸ፣ በዚያ እግር ሲዘልም ከባሰበት ስንጥቅ ይጠረጠራል፤ ሩጫ በዚያው ቀን ይቁም፣ እሽቱም ይቅር። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ «ራጁ ነጻ ነው» ተብሎ ወደ ሜዳ መመለስ የለም። ቅልጥም በአብዛኛው በሁለት ወር ግድም ዕረፍት ይድናል። ሕመሙ ብሽሽት ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የጭን አጥንት አንገት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እሱ ከተንሸራተተ የደም መተላለፊያው ሊቋረጥ ይችላል፣ ቀዶ ሕክምናም ይከተላል። ያ ልጅ በእግሩ እንኳ አይሂድ፤ በመኪና ሆስፒታል ይወሰድ።